በሰንበት ስለ መጠገን

ሰው በሰንበት ሊሠራው የሚገባውና የማይገባው ሥራ የትኛው እንደ ሆነ አባቶቻችን ብዙ ዘመን ተከራክረውበታል፤ ክርክራቸውም የሞፈርንና የወፍጮን፣ የመንገድንና የእሳትን ነገር እየመረመረ እስከ እኛ ዘመን ደርሷል። እኔ ላነሣው የምወደው ግን እነርሱን ያልገጠማቸውን፣ በራያ ቆላ መንገድ ዳር የሚኖረውን ሰው ግን ዘወትር የሚገጥመውን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ካምቢዮው ዘይት እያፈሰሰ በእሑድ ጧት ጎብዬ ላይ የቆመውን አሮጌ የጭነት መኪና መጠገን ሰንበትን መሻር ነውን ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ነገሩ ለሰሚው ጥቂት ቢመስለውም ስለ እግዚአብሔር ግብርና ስለ ሰው ግብር የምናምነውን ሁሉ የሚነካ ስለ ሆነ፣ መልሱን ከልማድ ብቻ መቀበል አይበቃም።

ጎብዬ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ወልድያን ያለፈ መንገደኛ የአላውኻን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሮቢትና ወደ ቆቦ ሲያቀና የሚያገኛት የቆላ ከተማ ናት። በምዕራብ ወደ ላስታ ደጋ የሚወጣው ገደላገደል፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች የሚያዋስኑት ይህ የራያ ሸለቆ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ግድም ከፍታ ያለው ሞቃት ሜዳ ሲሆን፣ በዝናብ ማሽላና ጤፍ፣ ከከርሠ ምድር በሚሳብ ውሃ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ይበቅሉበታል። ጎዳናውን ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ከወረሩ በኋላ አዲስ አበባን ከአስመራ ለማገናኘት ሠሩት፤ በ1933 ዓ.ም. ተሸንፈው ሲወጡም መንገዱ ብቻ ሳይሆን ካምቢዮና ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታና ዳዶ የሚባሉት የመካኒክ ቃላት በአፋችን ቀሩ። ዛሬ በዚህ ጎዳና ከሚመላለሱት አይሱዙዎች መካከል በዕድሜ ከሹፌሮቻቸው የማያንሱ ጥቂት አይደሉም። ከሚጭኑትም ሁሉ ቲማቲም የሚታገሥ ጭነት አይደለም፤ ቅዳሜ ተለቅሞ በሣጥን የተጫነው እሑድ ሳይደርስ ከቀረ፣ ሰኞ የሚያወጣው ዋጋ የለቃሚዎቹን የቀን ምንዳ እንኳ አይመልስም።

የካምቢዮ ዘይት ሲያልቅ ምን እንደሚከተል ያልተረዳ ሰው በዚህ ነገር ፍርድ ሊሰጥ አይችልም። ካምቢዮ ከሞተሩ የሚወጣውን ኃይል እንደ መንገዱ ጠባይ እየለዋወጠ ለጎማዎቹ የሚያስተላልፍ፣ በውስጡ የብረት ጥርሶች በወፍራም ዘይት ተነክረው የሚዞሩበት ሣጥን ነው። ዘንጉ ከሣጥኑ ወጥቶ ወደ ኋላ በሚሄድበት ቦታ ዘይቱ ተከትሎት እንዳይወጣ የሚያግደው፣ መካኒኮች ኦይል ሲል የሚሉት የጎማ ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ ቀጭን ከንፈር አለው፤ ከንፈሩንም ትንሽ የሽቦ ሞላ ዙሪያውን አቅፎ በሚዞረው ብረት ላይ ያስጠጋዋል። ዕድሜና ሙቀት ጎማውን ሲያደርቁት ከንፈሩ ይሰነጠቃል፤ ዘይቱም መጀመሪያ ያልባል፣ ቀጥሎ ይንጠባጠባል፣ በመጨረሻም ይፈስሳል። በብዙ ቀላል የጃፓን የጭነት መኪኖች የእጅ ፍሬኑ ከበሮ በካምቢዮው ጅራት ላይ የተገጠመ ስለ ሆነ፣ የሚፈሰው ዘይት ከበሮው ውስጥ ገብቶ ፍሬኑ እንዳይዝ ያደርገዋል፤ ከወልድያ ወደ ጋሸና በሚያስወጣው በድልብ ዳገት ላይ የእጅ ፍሬን የከዳው ሙሉ ጭነት ምን እንደሚያደርስ ማስረዳት አያስፈልግም። ፍሳሹ በፊት በኩል ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ፍሪሲዮኑን አርሶ ያንሸራትተዋል። ዘይቱ ፈጽሞ ካለቀ ኩሽኔታዎቹ ይግላሉ፣ ጥርሶቹ ይሸራረፋሉ፣ ካምቢዮውም በጉዞ ላይ ሳለ ተይዞ ይቀራል። ስለዚህ ይህ ፍሳሽ የገንዘብ ነገር ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ነገር ነው።

እንግዲህ የሰንበትን ሥርዓት ከመጻሕፍት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው ጥብቁን ቃል ነው። ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ ለዓለም የደረሰው መጽሐፈ ኩፋሌ በሰንበት ማረስን ብቻ ሳይሆን ውሃ መቅዳትን፣ እሳት ማንደድን፣ ሸክም ማውጣትን፣ መንገድ መሄድንና በእንስሳ መቀመጥን ሁሉ ይከለክላል፤ በዚህ ሕግ ከተፈረደ ጥፋተኛው መኪናውን የጠገነው ብቻ ሳይሆን በዚያ ቀን ያንቀሳቀሰው ጭምር ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት የነበሩት አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው ስለ ጸኑ ከአገራቸው ወጥተው በአርማንያ ዐረፉ፤ ደቀ መዛሙርታቸውም ብዙ ዘመን ከክህነት ተገልለው ከኖሩ በኋላ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1442 ዓ.ም. ግድም በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አድርገው ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ሥርዓቱን አጸኑት። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ሰንበትና ስለ በዓላት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። ይህን ሁሉ የምጠቅሰው ሰንበት በዚህ አገር ሰዎች የተሰደዱለትና የተገለሉለት ነገር እንደ ሆነ እንዳይዘነጋ ነው፤ ዘመኑ ተለውጧልና ሥርዓቱ ቀርቷል በሚል ቃል ጥያቄውን የሚዘጋ ሰው እነዚያን አባቶች አላከበራቸውም።

በሌላ ወገን ጌታችን በሰንበት እጁ የሰለለችውን ሰው ፈውሷል፤ በጉድጓድ የወደቀውን በሬ በሰንበት ቀን የማያወጣ ማን ነው ብሎም ከሳሾቹን ጠይቋል፤ በቤተ መቅደስ የሚያገለግሉ ካህናት በሰንበት እየሠሩ ነቀፋ እንደሌለባቸውም አሳስቧል። ሕዝባችንም በግብሩ ይህን ያውቃል፤ በዕለተ ሰንበት ከብቱን ያጠጣል፣ የታመመውን በቃሬዛ ተሸክሞ ይወስዳል፣ የሞተውን ይቀብራል። ሆኖም በረዶ ማሽላውን ሲመታው፣ ወይም ዝናቡ በሐምሌ ሲቀር፣ በመንደሩ በዓል የሻረ ሰው አለ ተብሎ ስለሚፈለግ፣ በእሑድ ቀን መዶሻ ሲያሰማ የተገኘ መካኒክ ከማንም አስቀድሞ ሊጠረጠር ይችላል። ስለዚህ በሬው ከጉድጓድ ይወጣል ማለት ብቻ አይበቃም፤ ለምን እንደሚወጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ምክንያቱን የማገኘው ሊቃውንቱ ስለ ሰባተኛው ቀን ከሚያስተምሩት ነው። እግዚአብሔር በስድስቱ ቀናት ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት ፈጥሮ በሰባተኛው ቀን ሲያርፍ፣ ያረፈው ከመፍጠር እንጂ ከመግቦት አይደለም ይላሉ። ከመግቦትም አርፎ ቢሆን ኖሮ ሰባተኛው ቀን ለዓለም የመጨረሻዋ ቀን በሆነች ነበር፤ እነሆ ግን የጎሊና ወንዝ በቅዳሜ ይፈስሳል፣ ማሽላው በእሑድ ያሸታል፣ ሕፃን በሁለቱም ቀን ይወለዳል። መፍጠር ያልነበረውን ማምጣት ነው፤ መግቦት ደግሞ የመጣው ወደ አለመኖር እንዳይመለስ በየቅጽበቱ መያዝ ነው። ፈጣሪን ስናመሰግን ሰማይንና ምድርን በመፍጠሩ ማድነቃችን የተገባ ነው፤ ለእኔ ግን፣ ምናልባት በአሮጌ ነገሮች መካከል ስለ ኖርሁ ይሆናል፣ ከፈጠረ በኋላ አለመተዉ የበለጠ ያስደንቀኛል።

የሰውም ግብር በዚህ አምሳል ሁለት ወገን አለው። አንዱ አዲስ ነገርን ያወጣል፤ ያርሳል፣ ይገነባል፣ ይሸምናል፤ ሰንበትም በተለይ ከዚህ እንድናርፍ የተሰጠን ነው፤ ዓለም በእኛ ጥረት ብቻ የቆመ አለመሆኑን እንድናውቅ። ሌላው ያለውን ይጠብቃል፤ ሕፃን ያጠባል፣ በሽተኛ ያገላብጣል፣ የተጠማውን ያጠጣል። ጥገና ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። መካኒኩ ሥራውን ፈጽሞ ሲነሣ በዓለም ላይ የተጨመረ አንዳች ነገር የለም፤ መኪናው ትናንት እንደ ነበረ ሆኗል፣ ይኸው ነው። ሥራው ፍጹም የሚባለው ሳይታይ ሲቀር ነው፤ ከሥሩ ያለው መሬት ደረቅ ሲሆን ማንም ጎንበስ ብሎ ደረቅ መሬት የሚያመሰግን የለም። ይህ ዓይነቱ ግብር በሰንበት ይፈቀዳል ብቻ ሳይሆን፣ ከሰንበት ጌታ ግብር ጋር የሚስማማ ነው ብዬ አምናለሁ።

በራያ ሕዝበ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ፣ በአንድ ጋራዥና በአንድ ለቅሶ የሚኖሩ ስለ ሆኑ የጎረቤታችንንም ትምህርት መመልከት ይገባል። እስልምና ጁምዓን ለሶላት ይለያታል እንጂ ቀኑን ሙሉ ከሥራ ማረፍን አያዝም፤ ሶላቱ ሲፈጸም ሰው ወደ ሲሳዩ እንዲሰማራ ተፈቅዶለታል። ከአላህ ስሞች መካከል አል-ቀዩም የሚባለው ራሱን ችሎ የሚኖርና ሌላውን ሁሉ አጽንቶ የሚይዝ ማለት ነው፤ እንቅልፍም ማንጎላጀትም እንደማይነካው ሰማይንና ምድርን መጠበቅም እንደማያደክመው በዚያው ስም ዙሪያ ይነገራል። ቀናቱ ይለያያሉ፤ ፈጣሪ ከመጠበቅ አያርፍም በሚለው ግን ሁለቱ ጎረቤታሞች አይለያዩም።

የማየውን ነገር በቅርብ ካላሳየሁ ግን ይህ ሁሉ ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጎብዬ መንገድ ዳር ቲማቲም የጫነ አይሱዙ ቆሞ፣ አንድ ወጣት መካኒክ ነጠላውን አጥፎ አጥር ላይ አኑሮ በካርቶን ላይ ተንጋልሎ ከሥሩ ገብቶ ነበር። ሙስሊም ጎረቤቱ ክሪክ አምጥቶለት ረዳቱ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረገ። ወጣቱ መፍቻ ከማንሣቱ በፊት የረጠበውን ሁሉ በናፍጣ አጠበ፣ በጨርቅ አደረቀ፣ የተፈጨ ጠመኔ ነሰነሰበት፤ ዘይት ጨምሮም መኪናውን እስከ ከተማው ዳር ደርሶ እንዲመለስ አደረገ። ነፋስ ዘይትን ወደ ኋላ ይረጨዋልና ከረጠበው ሁሉ ከፍ ያለውንና ወደ ፊት የቀደመውን ነጥብ ፈለገ። በጣቱ ነክቶ አሸተተው፤ የሞተር ዘይት ቢሆን ጥቁር ነበር፣ ይህ ግን ወደ ብጫነት ያደላና ድኝ ድኝ የሚሸት የካምቢዮ ዘይት ነው። ከዚያ ረጅሙን ዘንግ ከመፍታቱ በፊት ሲመለስ በነበረበት አኳኋን እንዲገጥም በመሮ ምልክት አደረገበት።

«ይህ ኦይል ሲል እኮ ከተቀየረ ገና ነው» አለ ሹፌሩ።

«ጋሼ፣ ካምቢዮው መተንፈስ አቅቶት ነው» አለ ወጣቱ፤ ከሣጥኑ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ መተንፈሻም ነቅሎ አሳየው። የራያ አቧራ ከዘይት ጋር ተቦክቶ ደፍኗታል። በሙቀት የሰፋው አየር መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በኦይል ሲሉ በኩል ይገፋዋል፤ መተንፈሻው ሳይጸዳ አሥር ኦይል ሲል ቢቀየር አሥሩም ያፈስሳል። ወጣቱ በጥፍሩ የብረቱን ዙሪያ ዳሰሰ፤ አሮጌው ከንፈር ለዓመታት ሲታሽ የጎደጎደ ቀጭን መሥመር ነበረበት። አዲሱን ቀለበት በዘይት አርሶ ከንፈሩ ያልተበላው ብረት ላይ እንዲያርፍ ከቀድሞው ጥቂት ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ በእንጨት ላይ በቀስታ እየመታ ዙሪያውን እኩል አስቀመጠው። በመጨረሻም በጎን ባለችው ቀዳዳ ዘይት እስኪመለስ ድረስ ሞላው። ከሣጥኑ የወጣው አሮጌ ዘይት በሳፋ ተይዞ፣ ለምስጥ መከላከያ የአጥር እንጨት የሚቀባበት አንድ ሽማግሌ ወሰደው፤ የዚህ ሸለቆ እርሻ ከመሬት ሥር በሚወጣ ውሃ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ዘይትን በአፈሩ ላይ አለመድፋትም ከጥገናው እንደ አንድ ክፍል ሊቆጠር ይገባዋል።

እዚህ ላይ ለክርክሬ የሚከብደው ነገር ይመጣል። በሬው በሰንበት ጉድጓድ ቢወድቅ ድንገት ነው፤ የካምቢዮ ዘይት ግን ድንገት አይፈስስም። ሰኞ ያልባል፣ ሐሙስ ይንጠባጠባል፤ በሌሊት የቆመበት መሬት ላይ ምልክቱን ጥሎ በየጧቱ ይመሰክራል። ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ይጨምራል፤ በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ይጨምራል። ጭንቀቱ በእሑድ ሲደርስ፣ ያ በሬ በራሱ እግር የገባ አይደለም፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲገፋ የቆየ ነው። ታዲያ በገዛ ቸልታ የመጣ ችግር ሰንበትን ያስፈታልን? መካኒኩን በሚመለከት መልሴ አዎን ነው፤ በሬው ተገፍቶም ቢገባ በሬ ነው፣ ቲማቲሙም የባለመኪናው ሳይሆን ለከርሠ ምድሩ ውሃ ተራ ጠብቆ ያጠጣው ገበሬ ልፋት ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን የተሻረ ሰንበት ካለ፣ የሻረው ከመኪናው ሥር የተንጋለለው ሰው አይደለም፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ፍሳሹን እያየ ያለፈው ነው። መግቦት የማያርፍ ግብር ነው ካልን፣ በስድስቱ ቀን ያቋረጠው ሰው ሸክሙን ሁሉ በሰባተኛው ቀን ላይ ጥሎታል።

ይህ ያለፈው ሰው ማን ነው ቢባል ሹፌሩ ነው ለማለት አልቸኩልም። ሹፌሩ ብዙ ጊዜ ተቀጣሪ ነው፤ መኪናው ይቁምና ይታይ ሲል፣ ባለመኪናው ከሩቅ ከተማ ሆኖ በስልክ ይችን ጉዞ ጨርስና ይለዋል፤ ይችም ጉዞ ሌላ ጉዞ ትወልዳለች። ባለመኪናውም ራሱ የባንክ ዕዳ አለበት፤ ኦይል ሲሉ ርካሽ ቢሆንም መኪናው ቆሞ የሚውልበት ቀን ውድ ነው። ዕቃውም ሁልጊዜ በቅርብ አይገኝም፤ አንዳንዱ ከደሴ፣ አንዳንዱ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በዚህ ሸለቆ ሲመላለስ መንገዱ በተዘጋባቸው ወራትማ ዘይት እየጨመሩ ከመሄድ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ያን ጊዜ የጨመረውን ሰው የሚወቅስ ኅሊና የለኝም። መንገዱ ተከፍቶ፣ ዕቃው በሱቅ ሳለ፣ ገንዘቡም ሳይጠፋ ነገ ነገ የሚለውን ግን ችግረኛ ብዬ ልጠራው አልችልም።

ስለ ባለሙያውም አንድ ቃል ልበል። ብረት ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ቡዳ እያለ ሲያርቅ የኖረ አገር ነው አገራችን፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ የከለከሉት ይህን አይተው ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ከጠረፍ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባው በዚያው ዓመት መሆኑ ያስገርመኛል፤ ብረቱ ሲመጣ ብረቱን የሚያድነው ሰው ክብርም በአንድነት ታውጆለታልና። መካኒኩ ዛሬ እንደ ቀጥቃጩ ባይሰደብም፣ ሥራው ግን ገና እንደ ቅዱስ ነገር አልተቈጠረለትም፤ ካህኑ የተባረከውን ውሃ ሲረጭ የሚያጎነብሰው አዲስ ለተገዛው መኪና እንጂ አሮጌውን ለጠበቀው እጅ አይደለም። የሚባረከው እጁ ቢሆን እወድ ነበር።

የቀረው የዋጋው ነገር ነው። የሰንበት ጥገና ምሕረት ከሆነ ዋጋ ሊጠየቅበት ይገባልን የሚሉ አሉ። ለኦይል ሲሉና ለዘይቱ ያወጣውን ወዲያው መቀበል ይገባዋል፤ ከቤቱ አውጥቶ ሊሰጥ ማንም አያስገድደውምና። የእጁንም ዋጋ ቢቀበል አልነቅፈውም፤ ልጆቹ በሰኞም ይበላሉ። ሹፌሩ ሌላ የሚሄድበት እንደሌለው አይቶ፣ ቀኑም እሑድ ነው ብሎ ዋጋውን እጥፍ የሚያደርግ መካኒክ ግን፣ የሠራው ሥራ የተፈቀደ ቢሆን እንኳ ሰንበትን ሽሯል። የሚገባው የሰኞውን ዋጋ መጠየቅ ነው፤ ባለመኪናውም ያንን ዋጋ ከሹፌሩ ደመወዝ ሳይቀንስ፣ ከራሱ ኪስ አውጥቶ ይክፈል።